መኪናችንን ዝቅ ያስደረግን ጊዜ

በእኛ ሰፈር መኪና የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ከፍ ማስደረግ ነው። ምንጣፍ ሳይገዛላት፣ ለዘመድ አዝማድ ሳያሳያት፣ በቀጥታ ጋራዥ ይወስድና ወይ ከሞላዎቹ ሥር ማስደገፊያ ያስገባል፣ ወይ ሞላዎቹን በረጃጅም ያስቀይራል። ምክንያቱን ለማወቅ ከቀጨኔ ሽቅብ አንድ ጊዜ መውጣት ይበቃል። መንገዱ ኮብልስቶን ነው፤ ኮብልስቶኑ ደግሞ አንዴ ለውኃ፣ አንዴ ለስልክ፣ አንዴ ማንም ለማያውቀው ጉዳይ ተነቅሎ ተመልሶ ሲደረደር ድንጋዩ ሁሉ የየራሱን አቅጣጫ ይዟል። ዝቅ ያለች መኪና እዚህ ሆዷን እየፋቀች ነው የምትኖረው። ስለዚህ እኔ ከጋራዥ ጋራዥ እየዞርኩ "ዝቅ አድርጉልኝ" ስል ሳቁብኝ። አንዱ መካኒክ እንዲያውም "እህቴ፣ ጎረምሳ ልጅ አለሽ እንዴ?" አለኝ። መኪና ዝቅ የሚያስደርጉት ሙዚቃ ከፍተው አስፋልት ለአስፋልት የሚዞሩ ጎረምሶች ናቸው ማለቱ ነው። ልጅ የለኝም። ያለችኝ እናት ናት።

እናቴ ልብስ ልታሰጣ ግቢ ወጥታ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ወደቀችና ዳሌዋ ተሰበረ። ቀዶ ሕክምናው ጥሩ ሆነ። በከዘራ መሄድ ጀመረች፤ ከወንበሯ ራሷ ትነሳለች፣ አልጋዋ ላይ ራሷ ትወጣለች፣ ወጥ ቤት ገብታም የሠራሁትን ወጥ ትነቅፋለች። ያቃታት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መኪናችን ውስጥ መግባት።

መኪናችን ርዝመቷ አጠር ያለ፣ ቁመቷ ግን የተረፈ የጃፓን ሥሪት ናት። ከእኛ በፊት የያዛት ሰው ክፍለ ሀገር የመንገድ ሥራ ላይ ስለነበር፣ ቀድሞም ከፍ ብላ የተሠራችውን መኪና የባሰ ከፍ አስደርጓታል። ሞላዎቿን አውጥቶ ለጭነት የሚሆኑ ረጃጅምና ጠንካራ ሞላዎች ነው ያስገባላት። አባቴ ሲገዛት የወደደላት ይህንኑ ነበር፤ "ጎርፍ ቢመጣ አይነካትም" እያለ ለጎረቤት ያወራ ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ የምነዳት እኔ ነኝ። በሥራ ቀን ወደምሠራበት ፋርማሲ፣ ረቡዕ ረቡዕ እናቴን ይዤ ወደ ፊዚዮቴራፒ፣ እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን። የፊተኛው ወንበር ለእናቴ ከዳሌዋ በላይ ነው የሚመጣው። እሱ ላይ ለመቀመጥ እግሯን ሐኪሟ ከፈቀደው በላይ ማንሳት ነበረባት።

ስለዚህ በርጩማ ከኋላ ጭነን መዞር ጀመርን። በርጩማውን አስቀምጣለሁ፤ እሷ ትወጣበታለች፤ እኔ አንድ እጄን ብብቷ ሥር፣ ሌላውን ወገቧ ላይ አድርጌ ወደ ላይ እገፋታለሁ። በዚያን ጊዜ እናቴ ዝም ትላለች። እናቴ ደግሞ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። በልጅነቷ ከወለጋ መጥታ፣ ሽሮ ሜዳ ከሸማኔ ቤት የተወለደውን አባቴን የቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ አግኝታ፣ ይኸው ዕድሜዋን ሁሉ ስትዘምር የኖረች ሴት ናት። ዛሬም የእናቶች ኳየር የሚነሳው በእሷ ድምፅ ነው። ደስ ሲላት በኦሮምኛ፣ ስትቆጣ በአማርኛ ነው የምታዜመው።

አንድ እሑድ ከፕሮግራም በኋላ ከኋላ በርጩማውን ሳወጣ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አስተናጋጆች አንዱ ጠንካራ ወጣት ሮጦ መጣና "እማማ፣ ልርዳዎት" አለ። መልስ እንኳ አልጠበቀም። በሁለት እጁ ብድግ አድርጎ ወንበሩ ላይ አስቀመጣትና "ተባረኩ!" ብሎ ፈገግ እያለ ሄደ። ሰው ሁሉ አየ። ነጠላዋ መሬት ላይ ወድቆ ነበር፤ አንስቼ አራግፌ ሰጠኋት። የሚቀጥለው እሑድ ለባብሼ ስጠብቃት "ዛሬ በቴሌቪዥን እከታተላለሁ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ባለው እሑድም እንደዚያው። "ቤቴስ እግዚአብሔር የለም እንዴ?" አለችኝ።

ፋርማሲ ውስጥ ዓመታት ስለሠራሁ ይህ ነገር እንዴት እንደሚሄድ አይቻለሁ። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ራሳቸው ነው መድኃኒታቸውን የሚወስዱት፤ ቆመው ስለ ጉልበታቸው ያወሩኛል። ቀጥሎ እሑድ መውጣት ይተዋሉ፤ ቀጥሎ ለቅሶ መድረስ ይተዋሉ፤ ቀጥሎ ግቢው ይበቃቸዋል። ከዚያ ወዲያ መድኃኒታቸውን የሚወስዱት ልጆቻቸው ናቸው። እናቴ "በቴሌቪዥን እከታተላለሁ" ስትል የሰማሁት ይህንን ነው። ፈራሁ። መኪናዋ ዝቅ ካላለች እናቴ ከቤት አትወጣም። ዝቅ ብላ ሞላዋ ከደረቀና ካንገጫገጨ ደግሞ የእናቴ ወገብ ኮብልስቶኑን ስለማይችል አሁንም አትወጣም። ሌላ መኪና ልግዛ እንዳልል አቅማችን አይደለም። እንግዲህ የቀረኝ ሞላ መምረጥ ነበር።

በመጀመሪያ የልብስ ስፌት ሜትር አወጣሁና መስኮቱ አጠገብ ያለውን የእናቴን ወንበር ለካሁ። ራሷ ቁጭ ብላ ራሷ የምትነሳው እዚያ ላይ ስለሆነ፣ መኪናዋ ያን ያህል ከፍታ ቢኖራት በቂ ነው ብዬ ነው። ከዚያ ወጥቼ የመኪናውን ወንበር ከመሬት ለካሁ። ልዩነቱ አራት ጣት ያህል ሆነ።

"ምን ትለኪያለሽ?" አለችኝ ስመለስ።

"ወንበር ላስቀይርልሽ ነው።"

"ወንበሬን ተዪልኝ" አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

ጎረምሳ ልጅ እንዳለኝ የጠየቀኝ መካኒክ ጋራዥ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ፈጣን ሰው ነው፤ ያልኩትን ሳልጨርስ መልሱን ጨርሶታል። "ቀላል ነው፤ ሞላውን አውጥተን ሁለት ዙር እንቆርጥለታለን፤ እስከ ምሳ ሰዓት ትወስጃታለሽ" አለኝ።

"አይደርቅም?"

"ትንሽ።"

እኔ ደግሞ ይህችን "ትንሽ" አውቃታለሁ። "ትንሽ ያቃጥለኛል" ብሎ የመጣ ሰው ጨጓራው ተልጦ ሲገኝ አይቻለሁ። የራሱ መኪና ሞላዋ የተቆረጠ መሆኑን በኩራት ስለነገረኝ "እስቲ በእሷ ውሰደኝ" አልኩት። ቁልፉን ሊሰጠኝ ሲል እምቢ አልኩ፤ እሱ እንዲነዳ፣ እኔ ከጎኑ እንድቀመጥ ነው የፈለግሁት። ከአስፋልቱ ወጥተን ቁልቁል ኮብልስቶኑ ላይ ስንገባ መኪናዋ መንገዱን ድንጋይ በድንጋይ ትቆጥርልኝ ጀመር። አንድ ጉድጓድ ላይ ምላሴን ነከስኩ። ስንመለስ "እንዴት ነው?" ሲለኝ አፌን በእጄ ይዤ ነበር።

"ሞላ ሲያጥር ይጠነክራል እኮ፤ የታወቀ ነው" አለኝ እንደ ማጽናናት።

የታወቀ ከሆነ ለምን ምላሴን ከመንከሴ በፊት አልነገርከኝም! ይህን ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ አጠገቡ የነበሩት ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። እናቴን ግን በዚያች መኪና ላይ ማስቀመጥ ማለት ሌላኛውን ዳሌዋን መስጠት ነው።

ሁለተኛው ጋራዥ ከቀጨኔ ወረድ ብሎ ነው። ባለቤቱ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ሻያቸውን ሳይጨርሱ መኪና አይነኩም። እኔ የምቸኩል ሰው ነኝ፤ እዚያ በርሜል ላይ ቁጭ ብዬ ሻይ ሲጠጡ ስጠብቅ ትዕግሥቴ ሁለት ጊዜ አልቆ ነበር። በመጨረሻ ብርጭቆውን አስቀምጠው "ለምንድን ነው ዝቅ የምታስደርጊያት?" አሉኝ። የእናቴን ነገር ከነአስተናጋጁ ነገርኳቸው። እሳቸው አልሳቁም። "ቁልፉን አምጪ፤ አንቺ እናትሽ ቦታ ላይ ተቀመጪ" አሉኝ።

ያችን መኪና ስንት ዓመት ስነዳ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ወጥተን ወደ ላይ፣ ከዚያ ዞረን ወደ ታች ሄድን። ለካ እኔን እስከ ዛሬ የያዘኝ መሪው ነው። መሪ የያዘ ሰው ጉድጓዱን ቀድሞ ያየዋል፤ ክንዱ ይደግፈዋል፤ ሰውነቱ ይዘጋጃል። ከጎን የተቀመጠ ሰው ግን የሚይዘው የለውም። ያ የጭነት መኪና ሞላ ድንጋዩን ሁሉ ወደ ጀርባዬ ሲልከው ሳላስበው እጄ ከበሩ በላይ ያለችውን መያዣ ፈለገ። እናቴም ሁልጊዜ እሷኑ ይዛ ነው የምትሄደው። ልማድ ይመስለኝ ነበር። እኔ እየነዳሁ ስለ ገበያው፣ ስለ ፋርማሲው ሳወራላት እሷ ሕመሟን ይዛ ተቀምጣ ነበር ማለት ነው። በጣም አዘንኩ።

"አየሽ፣ ይቺ ከፍም ብላለች፣ ደርቃለችም" አሉኝ ስንቆም። "ስለዚህ ዝቅ ስትል የግድ አትደርቅም፤ እንዲያውም ልትለሰልስ ትችላለች።" ከዚያ መሬት ላይ ቁጢጥ ብለው አስረዱኝ። ሞላ የሚመቸው ለመታመቅ ቦታ ሲኖረው ነው። በጣም ያጠረ ሞላ ትንሽ ወርዶ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ ከሥሩ የተቀመጠችውን ቁራጭ ጎማ ይመታል፤ ያንን ነው ሰው ደረቀ የሚለው። ጎማዋን ቆርጠው የሚጥሉ አሉ፤ እነሱ ብረት ከብረት ያጋጫሉ። ደግሞ ሞላው ከነጠረ በኋላ የሚያረጋጋው ሾክ አብዞርበር ነው፤ አዲስ ሞላ በአሮጌ ሾክ ላይ ከገባ መኪናዋ እንደ ጀልባ ትዋዥቃለች። ሁሉንም የሚለኩት በጣት ነው። "እስከ አራት ጣት እንችላለን። ከዚያ በታች ሆዷ መሬት ይልሳል" አሉ።

እኔም የምፈልገው አራት ጣት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

"ስንት ሰው ትጭኛለሽ?"

"እኔና እናቴ ብቻ ነን።"

በዚያ ሰሞን ነገሩ እንደዚያው ስለነበር አላሰብኩበትም። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው አለፉ።

ሞላውን መፈለጉ ሌላ ጣጣ ነው። የመለዋወጫ ሱቆቹ ውስጥ "ዝቅ የሚያደርግ" ስል ሻጮቹ ማስደገፊያ አውጥተው ያሳዩኛል፤ "አይ፣ ዝቅ" ስል እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዱ "ተሳስተሽ እንዳይሆን" አለኝ፤ በሕይወቴ ስለ መኪና ተሳስቼ የማውቀውን ያህል እሱ መለዋወጫ የሸጠ አይመስለኝም፤ ያን ቀን ግን አልተሳሳትኩም። በመጨረሻ መካኒኩ ራሳቸው አብረውኝ መጡ። ከዚህችው መኪና ጋር አንድ ዓይነት ሆና ለከተማ ተብላ ዝቅ ብላ የተሠራች አለች፤ የእሷን ያገለገለ ሞላ ነው ያገኘነው። ሰውየው ሞላውን መሬት ላይ አቁመው በሁለት መዳፋቸው ተደግፈው ይጫኑታል፤ ዓይናቸውን ጨፍነው። "ይሄ ደንዳና ነው።" ሌላ ያነሳሉ። "ይሄ ደክሟል።" ሻጩ መሰልቸት ሲጀምር፣ ለፊት ሁለት መረጡ፤ ለኋላ ደግሞ ከሁሉም የለሰለሱትን ሁለት። "ኋላ ማንም አይቀመጥም" አሉኝ። ትክክል ነው አልኩ። ሾኮቹን አዲስ ገዛን።

መኪናዋ ከጋራዥ ስትወጣ ለዓይን አስቀያሚ ሆና ነበር፤ ቁመቷን ለለመደ ሰው የተቀመጠች ነበር የምትመስለው። በር ላይ አቁሜ እናቴን ጠራኋት። "ነይ እስቲ፣ ቁጭ በይ" አልኳት። በርጩማውን ፈለገች፤ የለም አልኳት። ጀርባዋን ሰጥታ፣ እጇን በሩ ላይ አድርጋ፣ ቀስ ብላ ወረደች። ተቀመጠች። ከዚያ አንድ እግሯን አስገባች፤ ቆይታ ሌላውን። ቀና ብላ አየችኝ። እግሯን መልሳ አውጥታ፣ ቆመች፣ እንደገና ተቀመጠች። ሦስተኛ ጊዜ ልትሞክር ስትል "እማዬ፣ መኪናዋን ፈተና ላይ አስቀመጥሻት እኮ" አልኳት። ሳቀች። ኮብልስቶኑን ስንወርድ እጇ መያዣዋ ላይ እንዳልሄደ አየሁ። ጭኗ ላይ ነበር፤ በኦሮምኛ ታንጎራጉር ነበር።

ረቡዕ ፊዚዮቴራፒ ሄድን፤ ከዚያ ያለ ምክንያት ሽሮ ሜዳ ሄደን ነጠላ አየን፤ ምንም ሳንገዛ ተመለስን። እሑድ ጠዋት ከእኔ ቀድማ ለብሳ በር ላይ ቆማ ነበር።

የእኛን ቤተ ክርስቲያን ልማድ የማያውቅ ሰው ቀጥሎ የሆነውን ላይገባው ይችላል። ከፕሮግራም በኋላ ባዶ ወንበር ይዞ መሄድ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ማንም ጽፎ አልለጠፈውም፤ ግን መኪና ያለው ሰው ሞተር ከማስነሳቱ በፊት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ማነው በእኛ መንገድ?" ይላል። እናቴ ደግሞ በዚህ ነገር የታወቀች ነበረች፤ ከመሰበሯ በፊት መኪናችን ከቤተ ክርስቲያን ሞልታ ነበር የምትወጣው። በርጩማው ከመጣ በኋላ ግን ሰው ሳያያት ለመሄድ ስለምትጣደፍ ማንንም መጋበዝ ትታ ነበር። እኔም ረሳሁት። ባዶ መኪና መንዳት ለመድኩ፤ እውነቱን ለመናገር ወደድኩትም።

ያን እሑድ እናቴ ራሷ ገብታ ተቀመጠች፤ ዙሪያዋን አየች፤ መስኮቱን አወረደች። "ኑ እንጂ! ምን ትጠብቃላችሁ? መንገዳችን ነው!" የኳየር ጓደኞቿ ሦስቱ መጡ። ሦስቱም ሰውነታቸው ሞላ ያለ እናቶች ናቸው። እየተገፋፉ፣ "ጌታ ይባርክሽ ልጄ" እያሉኝ ከኋላ ገቡ። የመኪናዋ ኋላ ቁጭ ሲል ተሰማኝ። የመጀመሪያው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሥሯ በአንድ ጊዜ "ጓ" አለ፤ ከኋላ ሦስቱም "ኢየሱስ!" አሉ። ቀስ ብዬ ሄድኩ። ሽቅቡ ላይ ያለችው የውኃ መውረጃ ቦይ ላይ ስንደርስ ግን ቀስ ማለትም አልረዳም፤ መኪናዋ በሆዷ ተጎተተች፤ የኋላ ሞላው እስከዚያች ቁራጭ ጎማ ወርዶ ሲመልሳት ሁላችንም ከወንበራችን ተነስተን ወደቅን። እናቴ አልጮኸችም። እጇ ግን መያዣዋ ላይ ነበር።

እናቶቹን አንድ በአንድ አወረድኩ። ቤት ስንደርስ እናቴ ከመኪናው ለመውረድ ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ማስታገሻ ሰጥቼ አስተኛኋት። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ ድስት እያንኳኳሁ፣ ጮክ ብዬ፣ እሷም እንድትሰማ አድርጌ ተናደድኩ።

"ከእንግዲህ ማንም አይገባም! መኪናዋን ያስተካከልኩት ለአንቺ ነው እንጂ ለኳየሩ አይደለም። ታክሲ አለ፤ በታክሲ ይሂዱ።"

"ጉልበታቸው እንደ እኔው ነው፤ ታክሲ ላይ እንዴት ይወጣሉ?" አለች ከአልጋዋ።

"እኔ እንጃ! እስከ ዛሬ እንዴት ነበር የሚወጡት?"

"ታዲያ እኔ ለብቻዬ እንደ ባለሥልጣን ተቀምጬ ልሄድ ነው የምወጣው?" አለች። "እንዲህ ከሆነ ቴሌቪዥኑ ምን አለኝ።"

ይህንን ስትል ድስቱን አስቀመጥኩ። ለእኔ የመኪናው ጉዳይ ከቤት ወጥታ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ መመለሷ ነበር። ለእሷ ደግሞ መስኮቱን አውርዳ "ግቡ" ማለቷ ነበር።

በማግስቱ መካኒኩ ጋ ስሄድ ነገሩን ከመንገሬ በፊት የመኪናዋን ሥር አዩና "ስንት ሰው ጫንሽ?" አሉኝ።

"አራት፤ ከእኔ ጋር አምስት።"

"እኔና እናቴ አላልሽኝም?"

"ነበርና!" አልኩ። ሁለታችንም ተነጫነጭን፤ እሳቸው ሻያቸውን ትተው ነበር፤ ይህም ከባድ መሆኑን አሳየኝ። ከዚያ ነገሩን አስረዱኝ። ለሁለት ሰው የሚመች ሞላ ለአምስት ሰው አይበቃም፤ ለአምስት ሰው የሚበቃ ሞላ ለሁለት ሰው ይደርቃል። ሁለቱንም የሚሞክር አንድ ዓይነት አለ፤ ከአንድ ጫፉ ዙሮቹ ጥቅጥቅ ብለው፣ ከሌላው ጫፉ ራቅ ራቅ ብለው የተጠመዘዘ። ሸክሙ ሲቀል ጥቅጥቁ ክፍል ለስለስ ብሎ ይሠራል፤ ሸክሙ ሲከብድ ያ ይዘጋና ጠንካራው ክፍል ይረከባል። ለዚህች መኪና የሚሆን እንዲህ ያለ ሞላ ግን የሚገኘው አሁን ካለችበት ሁለት ጣት ከፍ በሚያደርግ ቁመት ነው።

"በዚሁ ቁመት አይሆንም?"

"አይሆንም። ሰው ከጫንሽ ለመውረጃ ቦታ ያስፈልጋታል። ወይ ቁመቱን ምረጪ፣ ወይ ሰዎቹን።"

እኔ ብሆን ቁመቱን ነበር የምመርጠው፤ ውሳኔው ግን የእኔ አልነበረም። ቤት ስገባ ጋቢ አጣጥፌ ሁለት ጣት ያህል አድርጌ የእናቴ ወንበር ላይ አስቀመጥኩ። "እንዲህ ነው የሚሆነው፤ ተቀመጪበትና እዪው" አልኳት። ጀርባዋን ሰጥታ ሞከረች። ጫፉ ላይ ደረሰች እንጂ ወደ ውስጥ ራሷን መሳብ አልቻለችም። እንደገና ሞከረች። ያው ነው። ጋቢውን ላወጣው ስል እጄን ያዘችኝ።

"አስቀይሪው" አለች።

"ሁልጊዜ የሚያግዝሽ ሰው ያስፈልግሻል ማለት እኮ ነው። ገብቶሻል?"

"ሰምቻለሁ፤ አስቀይሪው።"

አስቀየርኩት። ሞላው በእውነት ጥሩ ነው፤ እኔና እሷ ብቻ ስንሄድ ከመጀመሪያው ትንሽ ጠንከር ይላል፣ ግን አያሳምምም፤ ሲሞላ ደግሞ ቦዩን ሳይነካ ያልፋል። ይህን ያወቅነው ግን በኋላ ነው። በመጀመሪያው እሑድ የጨነቀኝ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እንዴት እንደማስገባት ነበር። ያ አስተናጋጅ እንዳይቀድመኝ ከሰው መሐል ቶሎ ወጥቼ በሩን ከፈትኩ፤ እጄን ብብቷ ሥር ላደርግ ስል ገፋችኝ።

"ተዪ፤ አንቺ ወዲያ ሁኚ" አለችና ወደ ጓደኞቿ ዞረች። "ኑ፣ እርዱኝ እስቲ!"

ከሦስቱ በጣም ወፍራሟ መጣች። እናቴ ጫፉ ላይ ተቀመጠች፤ ወፍራሟ በክርኗ ያዘቻትና "አንድ በይ" አለች፤ በዳሌዋ ገፋ አድርጋ ወደ ውስጥ አስገባቻት። ከዚያ እግሮቿን አንድ በአንድ እያነሳች "አንቺ ደግሞ እግርሽ ብረት ነው እንዴ? ምን ገብቶበት ነው የሚከብደው?" አለቻት። እናቴ በእውነትም ብረት የገባበትን ዳሌዋን ይዛ ከት ብላ ሳቀች። ሌሎቹም ሳቁ። ሰው ሁሉ ያይ ነበር፤ እናቴ ግን ምንም አላፈረችም። እኔ በሩን ይዤ ቆሜ ነበር፤ የማደርገው አልነበረኝም።

ምሳ ስንበላ ጠየቅኋት። ቅር ብሎኝ ስለነበር ድምፄ ትንሽ ተለወጠ።

"እኔ ሳግዝሽ ለምንድን ነው የምትጠዪው?"

ጉርሻዋን ጨረሰች። "አልጠላም" አለች። "ግን አንቺ ስታነሺኝ ታዝኛለሽ። ፊትሽን አየዋለሁ። እነሱ አያዝኑልኝም፤ ነገ እኔ ነኝ የማነሳቸው።"

እውነቷን ነው፤ አዝናለሁ፤ ባነሳኋት ቁጥር አባቴን፣ እርጥቡን ሲሚንቶ፣ ፋርማሲው ውስጥ የማያቸውን ልጆች ነው የማስበው፤ ፊቴም ያንን ሁሉ ያሳያት ነበር። አሁን እሑድ እሑድ በሩን እከፍትና ዞሬ ወደ መሪው እሄዳለሁ። ከጎኔ ሲገፋፉ፣ ሲሳሳቁ፣ "ቀስ፣ ቀስ" ሲባባሉ እሰማለሁ። ሁሉም ገብተው በሩ እስኪዘጋ ድረስ ወደ ፊት አያለሁ።